ጎበዙን ተማሪ ማን አጎበዘው?

መርካቶ፣ በርበሬ ተራ ገብታችሁ ምርጥ የማረቆ ዛላ ሸመታችሁ እንበል። ስታስፈጩት ደም መስሎ ወጣ። ምስጋናው ለማን ነው? ለወፍጮ ቤቱ ወይስ ለበርበሬው? ለማወቅ ከዚያው ዛላ ከፍሎ ሌላ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ነው። ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች የተከፈቱ ትምህርት ቤቶችም የሚመዘኑት እንዲሁ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ልዩ ትምህርት ቤቶች ስማቸው ጎልቶ ይነሳል። ደስ ይላል! ግን ልብ በሉ፦ ሲጀመርም የተቀበሉት በፈተና የነጠሩትን ነው። «ሁሉንም አሳለፈ» መባሉ ብቻውን ትምህርት ቤቱ ምን እንደጨመረላቸው አይነግረንም።

የሚነግረን የመቁረጫ ነጥቡ ነው። መግቢያው 80 ቢሆን፣ 80 እና 79 ያመጡትን ልጆች የለየቻቸው አንዲት ጥያቄ ናት። አንዱ ገባ፣ ሌላው ሰፈሩ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ሁለቱን ማስተያየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በምጣኔ ሀብት ኖቤል የተሸለመው ጆሹዋ አንግሪስት ከባልደረቦቹ ጋር የቦስተንና የኒውዮርክ ዝነኛ ትምህርት ቤቶችን በዚህ መንገድ ፈትሿል። ለጥቂት የገቡትና ለጥቂት የቀሩት በፈተና ውጤት እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም።

እኛ ዘንድ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቤተ ሙከራ፣ ማታ የማይጠፋ መብራትና የማይቋረጥ ምግብ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ እዚሁ መለካት አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ጭራሽ ያልታየው ልጅስ? ሽልማቱን ከአንግሪስት ጋር የተጋራው ዴቪድ ካርድ ከሎራ ጁሊያኖ ጋር የፍሎሪዳዋን ብሮዋርድ አጥንቷል። እዚያ ልጆች ለልዩ ተሰጥኦ ትምህርት ይመረጡ የነበረው በወላጅና በመምህር ጥቆማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የሁለተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ አጭር ፈተና እንዲወስዱ ሲደረግ፣ ከድሃ ቤተሰብ የሚመረጡት ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። ልጆቹ ድሮም ነበሩ፤ ያያቸው አልነበረም።

አሁን እዚያው መርካቶ፣ አሮጌ ቆርቆሮ ወደ ምድጃ የሚለወጥበትን ምናለሽ ተራን አስቡ። ከትምህርት መልስ አባቱን የሚያግዝ ልጅ የበርሜሉን ቆርቆሮ በዓይኑ ለክቶ ስንት ምድጃ እንደሚወጣው በቃሉ ያሰላል። ይህን የሚጠይቀው ፈተናም፣ የሚጠቁመው ሰውም ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ልዩ ትምህርት ቤት የሚከፍት ሁሉ ሁለት ነገር ይያዝ፦ ለጥቂት የቀሩትን ልጆች መዝግቦ ይከታተል፤ ከመምረጡ በፊት ደግሞ በምናለሽ ተራ ያሉትን ጨምሮ ሁሉንም ልጅ ይፈትን።