2147483647 ምን ዓይነት ቁጥር ነው?

31 ሁለቶችን አባዝተን ከውጤቱ አንድ ስንቀንስ 2147483647 እናገኛለን። ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ ስለሌለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ከሥሩ ያለው 2147483646 ግን አካፋይ በአካፋይ ነው፤ 2፣ 3፣ 7፣ 11፣ 31፣ 151 እና 331 ያለ ቀሪ ያካፍሉታል፤ አካፋዮቹ በጠቅላላ 192 ናቸው።

በዚህ መንገድ የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮች የሚጠሩት በፈረንሳዊው መነኩሴ በማረን መርሴን ስም ነው። መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው፣ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡ የሁለቶች ብዛቶች ዝርዝር 31ን አካቷል። ዝርዝሩ ግን እምነት የሚጣልበት አልነበረም፤ 67ንና 257ን ያለ ቦታቸው አስገብቶ 61ን፣ 89ንና 107ን ዘልሏል። የ31ን ጉዳይ በ1772 የቋጨው የሂሳብ ሊቁ ሌኦናርድ ኦይለር ነው።

አሠራሩ ልብ ሊባል ይገባል። ቁጥሩ አካፋይ ካለው ቢያንስ አንዱ ከ46341 በታች መገኘት አለበት፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ 4792 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። በእጅ ለሚያሰላ ሰው ይህ የወራት አበሳ ነው። ኦይለር ግን አካፋይ ሊሆን የሚችለው ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው ብቻ መሆኑን አሳየ። ከ4792ቱ ያን የሚያሟሉት ከመቶ አይበልጡም፤ አንዳቸውም አላካፈሉትም። ቁጥሩም ለረጅም ዓመታት ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ።

ይኸው ቁጥር በ1073741824 ሲባዛ ባለ 19 አሃዝ ፍጹም ቁጥር ይሰጣል፤ ማለትም ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው ራሱን ይሆናሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ በ1811 ጥቅም ለሌለው ነገር ማን ይደክማል ብሎ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር እንደማይገኝ ጽፎ ነበር። በ2024 የተገኘው፣ እርሱም ፍጹም ቁጥር የሚሰጠው የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ግን 41,024,320 አሃዞች አሉት። ባርሎ የሰውን ግትርነት አላወቀም።

ጥቅሙም ቢሆን መጣ። አሉታዊ ቁጥርንም በሚይዝ ባለ 32 ቢት የኮምፒውተር ማህደር ጣሪያው ይኸው ቁጥር ነው። በ1988 የኮምፒውተር ሊቃውንቱ ፓርክና ሚለር ያቀረቡት የዕጣ ቁጥር ማመንጫ ደግሞ በ16807 እያባዛ፣ ለ2147483647 እያካፈለ ቀሪውን ይወስዳል፤ አካፋዩ ብቸኛ፣ አባዡም በጥንቃቄ የተመረጠ በመሆኑ ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ሁሉ ሳያዳርስ ራሱን አይደግምም።

ጣሪያው ችግርም አለው። ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ጊዜን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ይቆጥራሉ። ቆጠራው የሚሞላው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ያልታደሰ ሰዓት በቀጣዩ ሰከንድ ወደ 1901 ይመለሳል። መፍትሔው ባለ 64 ቢት ቆጠራ ሲሆን ጣሪያው 9223372036854775807 ነው። ይህኛው ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ የሚባዙት ሁለቶች ብዛት 63 በ3 ስለሚካፈል እርሱም በ7 ይካፈላል።