ተጨማሪ መረጃ፦ ብዙ ደንበኞች በአንድ ሶፍትዌር ላይ
ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ ያያ ሴንተር አካባቢ አፓርታማው፣ ቢሮውና ካፌው ተጎራብተው ይሠራሉ። የብዙዎችን ኔትወርክ የሚያስተዳድር ድርጅት ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ሶፍትዌር ከመትከል ይልቅ ሁሉንም በአንድ ሶፍትዌር መምራት ይቀለዋል። ወጪ ይቆጥባል፤ የአንዱን መረጃ ከሌላው የሚለየው ግን የፕሮግራሙ ኮድ ብቻ ይሆናል።

አንድ የካፌ ሥራ አስኪያጅ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ የራውተሩን ገጽ ከፈተ እንበል። የገጹ አድራሻ በ1041 ያበቃል። ቁጥሩን ወደ 1042 ሲቀይር የጎረቤቱ ክሊኒክ ራውተር ከነዋይፋይ የይለፍ ቃሉ ወለል ብሎ ታየው። ሶፍትዌሩ «ማን ነህ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «ይህ ራውተር ያንተ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ክሊኒኩ የቱንም ያህል ጠንካራ የይለፍ ቃል ቢመርጥ አያድነውም፤ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ሠሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ፈርስት አሜሪካን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ ወደ 885 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰነዶች የተጋለጡት በዚሁ ዓይነት የቁጥር ቅየራ ነበር። በሶፍትዌር ደኅንነት ላይ የሚሠራው ድርጅት ኦዋስፕ (OWASP) እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የድረ ገጽ ሶፍትዌር ዋና ዋና የደኅንነት ስጋቶች ዝርዝር ይህን ዓይነቱን የመዳረሻ ቁጥጥር ጉድለት አንደኛ ላይ አስቀምጦታል።

መፍትሔው ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ባለቤትነትን እንዲያጣራ ማድረግ ነው። ቁጥሩን ረጅምና ለመገመት አስቸጋሪ ማድረግ ማጣሪያውን አይተካም። ይህን ጉድለት ስትፈትሹ የራሳችሁን ሁለት የሙከራ አካውንቶች ተጠቀሙ፤ ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባት በኬንያም በኢትዮጵያም ሕግ ወንጀል ነው።