ጭርት ነው ወይስ ችፌ? ቅባት ከመግዛትዎ በፊት

በመድኃኒት ቤት በብዛት ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ የቆዳ ቅባት ነው። ሰው እጅጌውን ይሰበስብና «ለዚህ የሚሆን ስጭኝ» ይላል፤ ጎረቤቱ የጨረሰውን ባዶ ቲዩብ ይዞ የሚመጣም አለ። ነገር ግን የሚያሳክክና የሚቀረፍ ቆዳ ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ጭርት የሚመጣው በፈንገስ ነው፤ ከሰውም ከጥጃም ይይዛል። እከክን የምታመጣው ቆዳ ውስጥ የምትቆፍር ደቃቅ ተባይ ናት። ችፌና ሶሪያሲስ ግን የቆዳው የራሱ ብግነት ናቸው እንጂ አይተላለፉም።

እነዚህን ለመለየት የቆዳ ሐኪሞች ደርሞስኮፕ በሚባል መሣሪያ ይታገዛሉ። በእጅ የሚያዝ፣ መብራት ያለው አጉሊ መነጽር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ቆዳን 10 ጊዜ ያጎላል። አይቆርጥም፣ አያምም። ሶሪያሲስ ከሆነ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጥቦች በእኩል ተሰራጭተው፣ በላያቸው ነጭ ቅርፊት ይታያል። ነጥቦቹ የጥቃቅን ደም ስሮች ጫፎች ናቸው። በችፌ ግን ነጥቦቹ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ሲሆኑ፣ ከቆዳው የወጣው ፈሳሽ ደርቆ ቅርፊቱን ቢጫ ያደርገዋል። እከክ ላይ በቀጭኗ የጉድጓድ መስመር ጫፍ ቡናማ ሦስት ማዕዘን ትታያለች፤ የተባይዋ የፊት ክፍል ናት። በልጆች ራስ ላይ ጭርት ሲኖር ደግሞ ፀጉሩ ተቆርጦ ይቆለመማል ወይም ይጠመዘዛል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» የሚሉት በነጭ ቆዳ ላይ የታየውን ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ያው ሽፍታ ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሊመስል ይችላል። የቆዳው ቀለም ቀያዮቹን ነጥቦችም ስለሚሸፍን፣ ሐኪሙ ይበልጥ የሚያየው የቅርፊቱን ቀለምና አቀማመጥ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? እንደ ቤታሜታዞን ያሉ የስቴሮይድ ቅባቶች ብግነትን ያበርዳሉ፤ ለችፌ ሐኪም ሲያዝ ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ጭርት ላይ ሲቀቡ ግን ማሳከኩ ጋብ ይልና የዳነ ይመስላል። ፈንገሱ ግን የቆዳው መከላከያ ስለደከመለት ውስጥ ውስጡን ይሰፋል። ክብ የነበረው ጠርዝም ስለሚደበዝዝ ሐኪሙ ራሱ ለመለየት ይቸገራል። (ፊት ለማቅላት ብለው የሚቀቡትማ ቆዳቸውን እያሳሱት ነው!)

ደርሞስኮፕ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ሆኖም ከጠርዙ ቅርፊት ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ፈንገስን ያሳያል፤ ላቦራቶሪ ካለ ይጠይቁ። ነገሩ ከከበደ ለከሚሴና ለአካባቢው ሰው ቅርቡ ደሴ አጠገብ ያለው፣ በቆዳና በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት አለ። ሲሄዱ እስካሁን የተቀቡትን ሁሉ፣ ባዶውን ቲዩብ ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ።

የማያሳክክ፣ ሲነኩትም የማይሰማ ነጣ ያለ ወይም የቀላ ምልክት ካለዎት ግን ቅባት አይፈልጉ። የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በሽታው ይድናል፣ መድኃኒቱም በነጻ ነው፤ ከዘገየ ግን የተጎዳው ነርቭ ላይመለስ ይችላል።