ለልጄ ደረቅ ልብስ ስፈልግ

ባሕር አጠገብ ሳላድግ የባሕር ጠላቂ አባት ሆንኩ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ነው። ልጄ 17 ዓመት ሲሞላት፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ የስኩባ ዳይቪንግ ትምህርት ጀመረች። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ወሬውን በስልክ ስትሰማ ተቆጣች። «ልጄ፣ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ምን ነክቶህ ፈቀድክላት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔም ፈርቻለሁ። ግን ከልክያት ተደብቃ ከምትሄድ፣ እያወቅሁ ብትሄድ ይሻላል ብዬ ነበር።

የሲያትል ባሕር ፒውጀት ሳውንድ ይባላል። ውኃው ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው፤ በአብዛኛው ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ። ውኃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ20 እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ይወስዳል። ስለዚህ እዚህ የሚጠልቁ ብዙዎቹ ድራይሱት የሚባለውን ውኃ የማያስገባ ልብስ ይለብሳሉ። አንገቱና የእጅ አንጓው ላይ ጥብቅ ላስቲክ፣ ትከሻው ወይም ደረቱ ላይ ውኃ የማያሳልፍ ዚፕ አለው። ውስጡ አየርና ከሥር የተለበሰ ሙቅ ልብስ ብቻ ነው።

ልጄ መጀመሪያ እየተከራየች ነበር የምትጠልቀው። ኪራዩ ሲደጋገም ግን የራሷ ቢኖራት ይሻላል አልን። አዲሱ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ደህና የሚባለው ከ2,000 ያልፋል። እኔ ደግሞ ከቤት ኪራይና በየወሩ ለእናቴ ከምልከው ተርፎ፣ በስምንት ወር ያጠራቀምኩት 700 ዶላር ነበር።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። አንድ ሰው ሰልባጁን በ300 ዶላር ሲሸጥ አገኘሁና ገዛሁ። ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ልኩ የወንድ ነበር። «ሰፋ ቢል ምን አለበት፣ ሹራብ ትደርብበታለች» አልኩ፤ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ «ታድግበታለች» ብሎ አስፍቶ እንደሚገዛ ወላጅ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አልካይ የሚባለው ባሕር ዳርቻ በፔርሙዝ ሻይ ይዤ ጠበቅኋት። ከአሠልጣኟ ጋር ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሯል። የሻይ ኩባያ መያዝ አቃታት። ልብሱን ስናወልቅላት ከእጅጌው ውኃ ፈሰሰ። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስገባ ነበር!

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባዬ፣ ገንዘቡን እንዴት እንዳጠራቀምከው አውቃለሁ።»

መኪና ውስጥ ማሞቂያውን ከፍተን ለረጅም ጊዜ ዝም አልን።

በማግሥቱ ልብሱን የጠላቂ ልብስ ወደሚጠግን ባለሙያ ወሰድነው። ዚፑ ተጣሟል፤ ማስቀየሪያው ልብሱን ከገዛንበት ዋጋ አያንስም። ሰውየው ሁኔታችንን አይቶ አዘነልንና፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ሰልባጅ ሲገዛ ምን ማየት እንዳለበት አንድ በአንድ አስረዳን።

ከሁሉም በፊት ልኩ ነው። ከሥር የሚደረበው ሙቅ ልብስ ተለብሶ ይለካል። ልጅቷ እጇን ወደ ላይ ትዘርጋ፣ ቁጢጥ ትበል፣ ደረቷና ክንዷ ላይ ያሉትን ቫልቮች በተቃራኒው እጇ ትንካ። የጠበበ ልብስ እነዚህን አያስደርግም። የሰፋው ደግሞ ይብሳል። አየሩ እንደ ልቡ ስለሚዘዋወር ወደ እግር ይሮጥና ጠላቂዋን ቁልቁል ገልብጦ ወደ ላይ ሊወነጭፋት ይችላል። በፍጥነት መውጣት ደግሞ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። የእኔ «ሰፋ ቢል ምን አለበት» መልሱ ይህ ነበር።

ቀጥሎ ዚፑ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርሱ ያልጎደለ፣ ያልተጣመመ፣ ሲዘጋና ሲከፈት የማይዝ መሆን አለበት። ዚፑ ከተበላሸ ልብሱን መተው ነው። የአንገትና የእጅ ላስቲክ ግን ያረጃል፤ ይሰነጠቃል ወይም ይጣበቃል። እሱ በአነስተኛ ገንዘብ ስለሚቀየር ልብሱን አያስጥልም። እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ፍተሻ ጎሚስታ ቤት ያየነው ነው። የአንገቱና የእጁ ቀዳዳ በጠርሙስና በመሳሰለው ይደፈናል፣ ዚፑ ይዘጋል፣ ልብሱ በአየር ይነፋል፣ ከዚያ የሳሙና ውኃ ይቀባል። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው።

የቀረው ከልብሱ ውጪ ያለ ወጪ ነው። ስስ ጨርቅ የሆነው ድራይሱት በራሱ አያሞቅም፤ ከሥር የሚለበሰው ነው የሚያሞቀው። እሱም ከጥጥ መሆን የለበትም፤ ጥጥ ላብና ውኃ ይዞ ይበርዳል። ከኒዮፕሪን የተሠራው በራሱ ይሞቃል፤ ነገር ግን ወደ ጥልቀት ሲወርድ ስለሚታመቅ ሙቀቱ ይቀንሳል። ሥልጠናም አለ። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውኃው ወለል እጥፍ ሆኖ በልብሱ ውስጥ ያለው አየር በግማሽ ይጨመቃል። ስለዚህ ሲወርዱ አየር መጨመር፣ ሲወጡ ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህ ሳይለመድ ልብሱን ለብሶ ወደ ጥልቅ ውኃ መግባት አደጋ ነው።

አራት ወር ጠበቅን፤ ልጄም በኪራይ ቀጠለች። በመጨረሻ በልኳ የሆነ፣ ዚፑ ደህና፣ የአንገት ላስቲኩ ግን የተሰነጠቀ ሰልባጅ አገኘን። ላስቲኩን እያሳየን ተከራክረን በ380 ዶላር ወሰድነው። አስቀየርነው፤ በሳሙናም ፈተሽነው። ከሥር የሚለበሰውን እሷ ከራሷ ገንዘብ ገዛች።

የሚቆጨኝ የባከነው 300 ዶላር ብቻ አይደለም። ልጄ ብርዱን የቻለችው እኔን ላለማሳዘን ነው። ዋጋውን ደጋግሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አሁን ወደ ባሕር ስንሄድ ስለ ገንዘብ አላወራም፤ «ትንሽ እንኳ ካስገባ ትወጫለሽ፣ ትነግሪኛለሽ» እላታለሁ።

ባለፈው እሑድ ከውኃ እንደወጣች እናቴ ደወለች። «ብርድ አልነካሽም?» ብላ ጠየቀቻት።

«አይ እማማ፣ ደረቅ ነኝ።»

«ደረቅ ከሆንሽማ ውኃ ምን ልትሠሪ ገባሽ?» አለቻት እናቴ። ዛሬም አልፈቀደችም።