ስለ ማር ሳባ ገዳምና ተገኘ ስለ ተባለው ጽሑፍ

ከውጭ አገር መጥተው በየቤቱ ከሚነበቡት ልብ ወለድ ታሪኮች መካከል ባንድ መልክ የተቀረጹ ብዙዎች አሉ፤ ይኸውም አንድ ሊቅ ከዋሻ ወይም ከገዳም ዕቃ ቤት ጥንታዊ ብራና ያገኛል፤ በብራናውም ላይ ሃይማኖትን የሚያናውጥ ቃል ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያም ሰላይና ነፍሰ ገዳይ ይከተሉታል። ወጣቶች እነዚህን መጻሕፍት ሲያነቡ አድረው በማግሥቱ አባታቸውን «ይህ ነገር እውነት ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ጥያቄ በቍጣ መመለስ የማይገባ ስለ መሰለን፥ ስለ አንዱ መጽሐፍና ከርሱ በኋላ በእርግጥ ስለ ኾነው ነገር ለመጻፍ ወደድን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

መጽሐፉ ጄምስ ሃንተር የተባለ የካናዳ ጋዜጠኛ በ1940 ዓ.ም. «የማር ሳባ ምሥጢር» ብሎ ያሳተመው ነው። ማር ሳባ በይሁዳ ምድረ በዳ በቄድሮን ሸለቆ ገደል ላይ ተጣብቆ የተሠራ የግሪኮች ገዳም ነው፤ ቅዱስ ሳባ በ483 ዓ.ም. መሠረተው፤ ሴት እስከ ዛሬ ወደ ዋናው ግቢ አትገባም። በታሪኩ ውስጥ የጀርመን ሰዎች እንግሊዝን ከጦርነቱ አስቀድመው በመንፈስ ሊያደክሟት ዐስበው፥ አንድ ግሪካዊ ሊቅ አስገድደው የሐሰት ጽሑፍ ያስጽፉታል፤ ቃሉም ኒቆዲሞስና ዮሴፍ የጌታችንን ሥጋ ከመቃብር አውጥተው ወደ ሌላ ስፍራ ወሰዱት የሚል ነው። በገዳሙ ይሸሽጉታል፤ አንድ የተከበረ የእንግሊዝ ሊቅም ሳይጠረጥር ያገኘዋል። በመጨረሻ ሐሰቱ ይገለጣል። እንደኛ አስተያየት ድርሰቱ ታላቅ አይደለም፤ ክፉዎቹ ከመጠን ያለፈ ክፉዎች ናቸው፥ ደራሲውም ሩጫውን እያቋረጠ ይሰብካል። ኾኖም አንባቢን እስከ ፍጻሜው አይለቅም።

የሚያስደንቀው ከ18 ዓመት በኋላ የኾነው ነው። በ1958 ዓ.ም. ሞርተን ስሚዝ የተባለ የአሜሪካ ሊቅ የዚያኑ ገዳም መጻሕፍት ሲመዘግብ፥ በ1646 ዓ.ም. በታተመ የቅዱስ አግናጥዮስ መልእክታት መጽሐፍ መጨረሻ፥ ባዶ በነበሩት ቅጠሎች ላይ በእጅ የተጻፈ የግሪክኛ ደብዳቤ አገኘሁ አለ። ደብዳቤው የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ነኝ የሚል ሲኾን፥ ምሥጢራዊ የተባለ ሌላ የማርቆስ ወንጌል እንደ ነበረ ያወሳል፤ ከርሱም ይጠቅሳል። ስሚዝ ፎቶግራፍ አንሥቶ በ1973 ዓ.ም. አሳተመው። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ተከፍለዋል፤ ገሚሶቹ የቀሌምንጦስ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ራሱ ስሚዝ ፈጥሮ ጻፈው፥ ዐሳቡንም ከሃንተር ልብ ወለድ ሳይወስድ አልቀረም ይላሉ። እርሱ በ1991 ዓ.ም. ሞተ፤ ክሱን ግን አልተቀበለም። በ1976 ዓ.ም. ሌሎች ሊቃውንት መጽሐፉን በዐይናቸው አይተው ወደ ኢየሩሳሌም የግሪክ ፓትርያርክ ቤተ መጻሕፍት አስወሰዱት፤ በኋላም ቅጠሎቹ ከመጽሐፉ ተለዩ። ዛሬ የት እንዳሉ አይታወቅም፤ ቀለማቸውም ሳይመረመር ቀረ።

እንግዲህ ለሚጠይቀን ልጅ፥ በልብ ወለድ ሐሰተኛው ስለሚያዝ ነገሩ በመጨረሻው ገጽ ያልቃል፤ በዓለም ግን የሚናዘዝ ላይገኝ ይችላል፥ ብለን እንመልስለት። መጽሐፉንም ከእጁ መንጠቅ አያስፈልግም፤ ጽሑፉን እነማን አዩት? ዛሬስ በማን እጅ ነው? ከሌላ ቅጂ ጋራስ ተመሳክሯልን? ብሎ እንዲጠይቅ ማልመድ ይሻላል።

ለማመሳከሩ ምሳሌ የሚኾነን መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ኤውሮፓ ሙሉውን ጠፍቷል ስትል በአገራችን በግዕዝ ይነበብ ነበር፤ ጄምስ ብሩስም በ1773 ዓ.ም. ቅጂዎቹን ይዞ ወደ ኤውሮፓ ተመለሰ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል ደግሞ በአራማይስጥ የተጻፉ የሄኖክ ቍርጥራጮች ወጡ፤ ከግዕዙም ጋራ ተመሳከሩ። ሚሊክ የተባለ ሊቅ ፎቶግራፋቸውን ጨምሮ ለማንም አንባቢ ያሳተማቸው በ1976 ዓ.ም.፥ የማር ሳባው መጽሐፍ ከገዳሙ በወጣበት ዓመት ነው።