ደም ውስጥ የሚዞረው ኢንሱሊን፦ ተረትና እውነታ

ተረት፦ «ማታ የተወጋሁት ኢንሱሊን እስከ ጠዋት ደሜ ውስጥ ሲዞር ያድራል።»

አያድርም። ደም ውስጥ ከገባው ኢንሱሊን ግማሹ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይወገዳል፤ የሚያስወግዱት በዋናነት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የሚያድረው ከቆዳ ሥር ያለው ነው። ኤንፒኤች የሚባለውን ደፍራሽ ኢንሱሊን ልብ ብለው ይዩት፤ ብልቃጡ ሲቀመጥ ነጩ ነገር ከታች ይዘቅጣል፣ መርፌው ከመቀዳቱ በፊት በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተደርጎ የሚንከባለለውም ለዚሁ ነው። ነጩ ነገር ከዚንክና ፕሮታሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር የተያያዘ የኢንሱሊን ክሪስታል ነው። ከቆዳ ሥር ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ወደ ደም ይገባል። አንዴ ከገባ በኋላ ሬጉላር ከሚባለው ተራ ኢንሱሊንም ሆነ ቆሽት ከሚያመነጨው የሚለይበት ነገር የለም።

ከዚህ የሚወጡ አሉ። ዴቴሚር የተባለው ሰው ሠራሽ ኢንሱሊን ደም ውስጥም አልቡሚን በሚባለው የደም ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ይዞራል፤ የሚሠራው ከዚያ የተላቀቀው ብቻ ነው። ሌላው በኒውዮርክ የታየው ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን፣ ከእንስሳት የተወሰደ ኢንሱሊን ሲወጉ በቆዩ ሕሙማን ደም ውስጥ ኢንሱሊን ቶሎ እንደማይወገድ አስተዋሉ። ምክንያቱ ሰውነት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ስለሚያቆየው ነበር። ጽሑፋቸው በመጀመሪያ ተቀባይነት አላገኘም፤ ይህን የሚያህል ትንሽ ፕሮቲን ፀረ እንግዳ አካል አያስነሳም ተብሎ ይታመን ነበርና። ተረት በሊቃውንቱም መንደር አይጠፋም።

ተረት፦ «ምርመራው ኢንሱሊንህ ብዙ ነው ብሏል፤ እንግዲህ ቆሽትህ ደህና ነው።»

ሁለቱ ሳይንቲስቶች ያንኑ ፀረ እንግዳ አካል መለኪያ አድርገው በደም ያለን ኢንሱሊን የሚለካ ዘዴ አበጁ፤ ያሎው ለዚህ ሥራ በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነች። መለኪያው ግን የሚቆጥረው ኢንሱሊንን ብቻ አልነበረም። በ1967 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ስታይነር ኢንሱሊን መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮኢንሱሊን ሆኖ፣ አንድ ረጅም ሰንሰለት መሆኑን አሳየ፤ የሰው ፕሮኢንሱሊን 86 አሚኖ አሲዶች አሉት። የቆሽት ሕዋስ መሐሉን ቆርጦ ያወጣል። 51ዱ ኢንሱሊን ይሆናል፣ 31ዱ ሲ-ፔፕታይድ፤ የቀሩት አራቱ በተቆረጠበት ቦታ ተነጥለው ይቀራሉ።

ቆረጣው ሁልጊዜ አያልቅም። ጥቂት ፕሮኢንሱሊን ሳይነካ፣ ሌላውም በአንድ በኩል ብቻ ተቆርጦ ወደ ደም ይወጣል። ፕሮኢንሱሊን ስኳር የማውረድ አቅሙ ከኢንሱሊን አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው፤ ከደም የሚወጣው ግን ዘግይቶ ስለሆነ ከቁጥሩ ላይ ድርሻ ይይዛል። ዓይነት 2 ስኳር ባለበት ሰው የቆሽት ሕዋሳት ከአቅማቸው በላይ ስለሚሠሩ ይህ ድርሻ ከፍ ይላል። በቀድሞው መለኪያ «ብዙ ኢንሱሊን» ተብሎ ከተመዘገበው ከፊሉ ገና ያልተቆረጠው ነበር ማለት ነው። በኋላ የመጡት መለኪያዎች ሁለቱን ይለያሉ። እነሱም ቢሆኑ ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ቆሽት ደህና ነው ማለት እንደሆነ አያሳዩም፤ ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት ብዙ ማምረቱ የታወቀ ነው።

ተረት፦ «ሲ-ፔፕታይድ ተቆርጦ የተጣለ ትርፍ ነው።»

ሐኪሙ ግን የሚፈልገው እሱን ነው። ኢንሱሊን ከቆሽት ወጥቶ መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ስለሆነ ግማሽ ያህሉ እዚያው ይቀራል። ሲ-ፔፕታይድ ጉበትን እንዳለ ያልፋል፣ ከደም ግማሹ የሚወገደውም በግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከእያንዳንዱ ኢንሱሊን ጋር አንድ ስለሚወጣ ቆሽት ምን ያህል እንዳመረተ ይናገራል። በፋብሪካ የሚሠራው ኢንሱሊን ደግሞ ሲ-ፔፕታይድ የለበትም። ስለዚህ ስኳሩ እጅግ ወርዶ ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ደም ውስጥ ኢንሱሊኑ በዝቶ ሲ-ፔፕታይዱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ያ ኢንሱሊን በመርፌ የገባ ነው።