ከጅቡቲ ወደብ እስከ ገበሬው ማሳ፤ የማዳበሪያ ሥራ ውሳኔ በማን እጅ ይሁን?

ጅቡቲ፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ማዳበሪያ አብዛኛው በዚህች ከተማ ወደብ እንደሚራገፍ የማያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። ነገር ግን ከመርከቡ ሆድ እስከ ማሳው ድረስ ባለው ረጅም መንገድ ስንት ውሳኔ እንደሚሰጥ፥ ውሳኔውንም የሚሰጠው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ስለዚህ ለገጻችን አንባቢዎች ጉዳዩን በመጠኑ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ማዳበሪያው ወደ ወደቡ የሚደርሰው በብትን ተጭኖ ሲሆን፥ እዚሁ በ50 ኪሎ ከረጢት ይታሸግና ወደ መኪና ይወጣል። (ሕዝቡ ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብሎ እስከ መጥራት መድረሱ የታወቀ ነው።) አንድ መርከብ 50,000 ቶን ይዞ ቢመጣ 1,000,000 ከረጢት ይሆናል፤ አንዱ ባለ ተሳቢ መኪና 40 ቶን ቢጭን ደግሞ 1,250 መኪና ያስፈልጋል። ከነዚህ መኪናዎች የትኛው ወደ ኮምቦልቻ፥ የትኛውስ ወደ አዳማ ቀድሞ ይነሣ? ነገሩ ለወደብ ሠራተኛ ተራ የማስያዝ ጉዳይ ይመስላል፤ ለገበሬው ግን የዓመት እንጀራ ነው።

ዝናብ በአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አይጥልምና። በቆሎ የሚዘራው የወለጋ ገበሬ በሚያዝያና በግንቦት ማዳበሪያውን ይፈልጋል፤ ጤፍ የሚዘራው የሸዋ ገበሬ እስከ ሐምሌ ፋታ አለው። የማዳበሪያውም ዓይነት አንድ አይደለም። ፎስፈረስ ያለበት፥ ቀድሞ ዳፕ ኋላም ኤን ፒ ኤስ የተባለው፥ ከዘሩ ጋር አብሮ መግባት አለበት፤ ያ ቀን ካለፈ ጥቅሙ እጅግ ይቀንሳል። ዩሪያው ግን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፥ ይኸውም ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ የሚጨመር ስለሆነ መጠበቅ ይችላል። እንግዲህ ሁለት መርከብ በአንድ ሳምንት ቢደርስ የትኛው ይቅደም ለማለት የወደብ ዕውቀት ብቻ አይበቃም፤ የዝናቡን ወሬ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ችግር በ2008 ዓ.ም. በጉልህ ታየ። ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ ምክንያት ብዙ የዕርዳታ ስንዴ ወደ ጅቡቲ ሲጎርፍ፥ በዚያው ወቅት የመኸሩ ማዳበሪያም መጣ። ሁለቱ በአንድ የመርከብ ማቆሚያና በአንድ መኪና ይሻሙ ጀመር፤ መርከቦችም በባሕር ላይ ተሰልፈው ተራ ጠበቁ። ለተራበው ስንዴው ይቅደም ቢባል እውነት ነው፤ ማዳበሪያው ካልደረሰ ከርሞም ይራባል ቢባል ያም እውነት ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ መስጠት የከፍተኛው መንግሥት ፋንታ ነው። አንድ ጊዜ ከተፈረደ በኋላ ግን የየዕለቱን የመኪና ተራ ለማለዋወጥ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጠበቅ፥ በእኛ አስተያየት፥ ዝናቡን በደብዳቤ ለማቆም እንደ መሞከር ያለ ነው።

ወደቡ ራሱ ይህን ችግር በራሱ መንገድ አይቶታል። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ፥ በአሰብ ይገባና ይወጣ የነበረው ንግድ በድንገት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለዚህ ያህል ሸክም ያልተሠራው የቀድሞው ወደብ ተጨናነቀ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እንደ ጭነቱ ዓይነት ተከፋፈለ፤ ነዳጁና ኮንቴይነሩ ወደ ዶራሌ ሄደው የየራሳቸው ኩባንያ ተቋቋመላቸው፤ የብትን ጭነቱም ለብቻው አስተዳዳሪ አገኘ፤ በ2009 ዓ.ም. የዶራሌ ሁለገብ ወደብና የታጁራ ወደብ ተከፈቱ። የበላይ ባለሥልጣኑ አንድ ነው፤ ክሬኑን የሚያዘው ግን በቦታው ያለው ነው። አሮጌው ምድር ባቡርም ቢሆን እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፓሪስ ሳለ ጥገናው በድሬዳዋ ነበረ፤ የተሰበረ ሠረገላ እስከ ፓሪስ አይጎተትምና።

በአገር ውስጥ ግን ነገሩ ዘግይቷል። ለብዙ ዓመታት ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል አንድ መመሪያ ለጎጃም ቀይ አፈርም ለበቾ መረሬም ያው ነበረ። በ2004 ዓ.ም. የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ መመሪያው በየወረዳው ይለይ ጀመር። በባሕር ዳር መርከብ፥ በቱሉ ቦሎ በቾ ወሊሶ፥ በነቀምቴ ግቤ ዴዴሳ፥ በወራቤ መሊቅ ስልጤ፥ በመቀሌ እንደርታ የተባሉት ዩኒየኖች የማዳበሪያ መቀመሚያ ፋብሪካ አቋቋሙ። ሐሳቡን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ጥሬ ዕቃው የሚመጣው ከውጭ፥ የሚገዛበትም ምንዛሪ የሚፈቀደው ከማዕከል ስለሆነ፥ ፋብሪካው ለገበሬው ቢቀርብም ቁልፉ ሩቅ ነው።

የፍላጎት አሰባሰቡም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ከቀበሌ ተነሥቶ በወረዳ፥ በዞንና በክልል አልፎ ሚኒስቴሩ ዘንድ ይደርሳል። በየደረጃው ያለው ሹም የዕቅዱን ግብ እያየ ቢጨምርበት አያስደንቅም፤ በቢሮ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ገደማ ብዙ ማዳበሪያ ሳይሸጥ በየመጋዘኑ ከርሞ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ብዙ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው አቤት ብለዋል። የዓለም ዋጋ መናርና ሌላም ምክንያት እንደነበረ አንክድም፤ ነገር ግን ትርፍም ጉድለትም በአንድ መንገድ ሲያልፍ መንገዱን መመርመር ይገባል።

ግዥው በአንድ እጅ መሆኑን አንቃወምም። በብዛት የገዛ በርካሽ ይገዛል፤ ምንዛሪም ለሚቸግረው አገር ብዙ ገዢ ማቆም ጥቅሙ አይታየንም። የምንለው ሌላ ነው። ለየክልሉ የተመደበው ድርሻ ሳይነካ፥ በጅቡቲ ያለው የገዢው ወኪል የመኪናውን መነሻ ተራ እንደ ዝናቡ ወሬ የመለወጥ ሥልጣን ይሰጠው፤ ሁለት ጎረቤት ዩኒየኖችም አንዱ ሲተርፈው ለሌላው አበድሮ በሳምንት ውስጥ ለበላይ እንዲያስታውቅ ይፈቀድለት። ይህ ለሌባ በር ይከፍታል የሚሉ አሉ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። የሚያግደው ግን ፈቃድ ማዘግየት ሳይሆን መዝገብ ነው። ብድሩ በዓይነትና በቁጥር፥ ኤን ፒ ኤሱ በኤን ፒ ኤስ፥ ዩሪያው በዩሪያ ሊጻፍ ያስፈልጋል፤ አበዳሪና ተበዳሪ ሁለቱም ይፈርሙበት፥ አንዱ ቅጂም በቀበሌው የልማት ሠራተኛ ዘንድ ይቀመጥ።